እናታችሁ ለስድስት ወር ወደ ብርድ አገር ሊሄዱ ነው? መጀመሪያ የእጅ ቦርሳቸውን እንይ



የዛሬውን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረጉኝ ልደታ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ አንዲት የ63 ዓመት እናት ናቸው። ታሪካቸውን እንዳካፍላችሁ ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውን ግን አልጽፍም። ስኳርና ደም ግፊት አለባቸው፤ ሁለቱንም ለዓመታት በሥርዓት ተቆጣጥረው የኖሩ፣ ቀጠሮ የማይቀሩ ጎበዝ ታካሚ ናቸው። ሴት ልጃቸው አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ወልዳ ሊያርሷት ነው። ጉዞው ታኅሣሥ ውስጥ ነው፤ ስድስት ወር ይቆያሉ።

ከመጨረሻ ልጃቸው ጋር መጥተው የስኳር መጠናቸውን ከለካን በኋላ፣ "ሻንጣው አለቀ እማማ?" አልኳቸው።

"ኧረ አልቋል ልጄ! ሁለቱም ሃያ ሦስት ሃያ ሦስት ኪሎ። ወፍጮ ቤት ወስደን አስመዝነነዋል።"

ዝርዝሩን ነገሩኝ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ የአጥሚት እህል፣ ሁለት ጋቢ፣ ለሕፃኑ ጥበብ፣ ከመርካቶ የተገዛ ወፍራም ካፖርት። "መድኃኒቱስ?" ስላቸው ፊታቸው በራ።

"እሱማ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ነው፣ ከበርበሬው ሥር። ኢንሱሊኑ እንዳይሰበር በጋቢ ጠቅልዬዋለሁ።"

ደነገጥኩ። ስህተቱ የእሳቸው ብቻ አይደለም፤ ሁላችንም እንዲህ ነን። ብርድ አገር የሚሄድ ሰው ሲኖረን የምንጨነቀው ለካፖርት ነው። ካፖርቱ ግን እዚያም አለ፤ ከእኛ የተሻለ አለ። እዚያ ሱቅ የማይሸጠው የእናታችሁ የሕክምና ታሪክ ነው፣ የለመዱት መድኃኒት ነው፣ ብርድ በአሮጌ ሕመም ላይ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ነው። ስለዚህ ዛሬ ሻንጣውን ከታች ወደ ላይ ገልብጠን እንደገና እንጫነው።

1. መድኃኒት በሙሉ ከእናታችሁ እጅ አይለይ

በመጀመሪያ ኢንሱሊን። ኢንሱሊን አንዴ ከረጋ (በረዶ ከሆነ) አበቃለት። ቢቀልጥም፣ መልኩ ደህና ቢመስልም አይሠራም። ሻንጣ የሚጫንበት የአውሮፕላኑ ሆድ ሊቀዘቅዝ ይችላል፤ ሻንጣው ደግሞ ከበረዶ በታች በሆነ ሜዳ ላይ ሊቆይ ይችላል። ከዚያ በላይ ደግሞ ሻንጣ ይጠፋል፣ ይዘገያል። በርበሬ ሦስት ቀን ቢዘገይ ችግር የለውም። ኢንሱሊን ሦስት ቀን ቢዘገይ ሰው ሆስፒታል ይገባል።

ስለዚህ፦

• ኢንሱሊን፣ ሲሪንጅ፣ የስኳር መለኪያ ማሽንና ስትሪፕ በእጅ ቦርሳ ይግቡ። አውሮፕላን ላይ የተከለከለው ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ መድኃኒትን አይመለከትም፤ ፍተሻው ጋ "መድኃኒት ነው" ብሎ ማሳየት ነው።
• ለቅዝቃዜ የሚያዝ በረዶ ካለ ብልቃጡን በቀጥታ አይንካው። መሃሉ ላይ ፎጣ ይደረግ።
• የተከፈተ ብልቃጥ በቤት ውስጥ ሙቀት 28 ቀን ገደማ ይቆያል፤ ለጉዞው ሰዓታት ብዙ አትጨነቁ። ያልተከፈተው ሲደርሱ ፍሪጅ ይገባል፤ ፍሪዘር ግን በፍጹም።
• የደም ግፊትና የስኳር ኪኒኖች በፋርማሲው ማሸጊያቸው ይሁኑ። ከማሸጊያ አውጥቶ በላስቲክ ቋጥሮ መውሰድ ፍተሻ ላይ ጥያቄ ያስነሳል፤ እዚያ ያለ ሐኪምም ምን እንደሆነ አያውቀውም።
• ከረሜላ ወይም ስኳር ኪስ ውስጥ ይኑር። የበረራ ምግብ ይዘገያል፤ መድኃኒት ወስዶ ሳይበሉ መቆየት ስኳር ያወርዳል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መደናገር ከመጣ ወዲያው ጣፋጭ ነገር።

እኒህ እናት ጉዟቸው ከነቢያት ጾም ጋር ይገጥም ነበር። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሰው በበረራ ቀን ሆዱን ባዶ ማድረጉ አደገኛ ነው። ከንስሐ አባታቸውም ከሐኪማቸውም ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ። እሳቸው ተነጋግረው ተፈቅዶላቸዋል።

የሰዓት ልዩነቱም አለ። አዲስ አበባና ሚኒያፖሊስ በእነሱ ክረምት የ9 ሰዓት ልዩነት አላቸው። ወደ ምዕራብ ሲበር ቀኑ ይረዝማል፤ ስለዚህ የመርፌው ሰዓት ይዛባል። ይህን በግምት አታስተካክሉ። ከመሄዳቸው በፊት ሐኪማቸው ለጉዞው ቀን ብቻ የሚሆን ፕሮግራም በወረቀት ይጻፍላቸው።

2. ስንት ወር የሚበቃ?

ብዙ ሰው "ስድስት ወር ስለሚቆዩ የስድስት ወር እንግዛ" ይላል። አሜሪካና ካናዳ ግን ለግል ፍጆታ ብዙውን ጊዜ የሚፈቅዱት እስከ 90 ቀን የሚበቃ ነው። ስለዚህ የሦስት ወር ይያዝ፤ ለቀሪው ደግሞ ልጅየው ከአሁኑ ትዘጋጅ። ሦስተኛው ወር እስኪያልቅ አይጠበቅ፤ በመጀመሪያው ወር ቀጠሮ ይያዝ። አሜሪካ ውስጥ እንደ ገቢ መጠን የሚያስከፍሉ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች በብዙ ከተሞች አሉ፤ ልጅየው አቅራቢያዋ ያለውን ትጠይቅ። ሜትፎርሚንና አምሎዲፒንን የመሳሰሉ የተለመዱ መድኃኒቶች እዚያም ርካሽ ናቸው፤ የሚያስቸግረው የሚያዝላቸውን ሐኪም ማግኘቱ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ትራማዶልና ኮዴይን ያለባቸው የሕመም ማስታገሻዎች፣ የእንቅልፍና የጭንቀት ኪኒኖች በብዙ አገር ቁጥጥር ይደረግባቸዋል። ያለ ማዘዣ አይያዙ።

3. ከፓስፖርት ቀጥሎ የምትይዙት ወረቀት

ከሐኪማችሁ አንድ ገጽ የሕክምና ማጠቃለያ በእንግሊዝኛ አስጽፉ። ማኅተምና ፊርማ ይኑረው። በዚያ ገጽ ላይ፦ ያሉባቸው ሕመሞች፣ እያንዳንዱ መድኃኒት ከነመጠኑና ሰዓቱ፣ አለርጂ፣ የተደረጉ ቀዶ ሕክምናዎች፣ የቅርብ ጊዜ የስኳር፣ የኩላሊትና የደም ግፊት ውጤት። ልብ ላይ ችግር ካለ የቅርቡ ኢሲጂ ኮፒ አብሮ ይያያዝ። ፎቶ አንስታችሁ ለልጅየዋ በቴሌግራም ላኩ።

ይህን ወረቀት ስታስጽፉ እኛ ኢትዮጵያውያን ብቻ የምንሠራቸው ሁለት ስህተቶች አሉ።

የመጀመሪያው የዘመን አቆጣጠር ነው። "የሐሞት ጠጠር ቀዶ ሕክምና በ2008" ተብሎ ከተጻፈ እዚያ ያለው ሐኪም የሚረዳው የእነሱን 2008 ነው፤ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ስህተት ማለት ነው። ቀኑ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ይጻፍ። የልደት ቀንም ከፓስፖርቱ ጋር አንድ ይሁን።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። "ጠዋት 1 ሰዓት" ብለን የምንጽፈው ለእነሱ ሌሊት ነው፤ እነሱ 7 ሰዓት ነው የሚሉት። በኢትዮጵያ ሰዓት የተጻፈ የመርፌ ፕሮግራም ለማያውቅ ነርስ ብትሰጡ ምን ሊፈጠር እንደሚችል አስቡት። "ከቁርስ በፊት፣ ከእራት በፊት" ብሎ መጻፍ ከሁሉም ይሻላል።

4. ስሙ ተቀየረ እንጂ መድኃኒቱ ያው ነው

አንዳንድ መድኃኒት አገር ሲቀይር ስሙም ይቀየራል። እናቶች "ያንን አልሰጡኝም፣ ሌላ ነው የሰጡኝ" ብለው ሁለቱንም ደርበው ሲወስዱ አጋጥሞኛል። ይህችን ያዟት፦

• ፓራሲታሞል አሜሪካና ካናዳ አሴታሚኖፌን ይባላል። ታይሌኖል የሚባለው እሱው ነው። ሁለቱን ደርቦ መውሰድ ጉበት ይጎዳል።
• ግሊቤንክላማይድ እዚያ ግላይቡራይድ ነው። ተደርቦ ከተወሰደ ስኳር አደገኛ በሆነ ሁኔታ ያወርዳል።
• ለአስም የሚነፋው ሳልቡታሞል አሜሪካ አልቡቴሮል ይባላል።

ቁጥሩም እንዲሁ ነው። የእኛ አገር የስኳር ማሽን አብዛኛው እንደ አሜሪካ በሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ነው የሚያነበው። ካናዳ፣ እንግሊዝና ስዊድን ግን በሚሊ ሞል በሊትር ነው። የኛን ቁጥር ለ18 ስታካፍሉ የእነሱ ይመጣል። እኛ ጋ 126 የሆነው እነሱ ጋ 7 ነው። አንዲት እናት ካናዳ ደርሰው በልጃቸው ማሽን ተለክተው "ስኳሬ ዘጠኝ ገባ፣ ልሞት ነው" ብለው ደውለውልኝ ነበር። ዘጠኝ የእኛ 162 ነው፤ ያውም ከምሳ በኋላ! ለዚህ ነው የራሳቸውን ማሽን ይያዙ የምለው። ማሽኑ ግን ብርድ አይወድም፤ መኪና ውስጥ ካደረ ስህተት ያነባል ወይም እምቢ ይላል።

ሙቀትም አሜሪካ በፋራናይት ነው። 100.4 ማለት የእኛ 38 ነው፤ ትኩሳት አለ ማለት ነው።

5. ኢንሹራንስ

ካናዳ ለወላጆችና አያቶች በምትሰጠው ሱፐር ቪዛ ቢያንስ የ100,000 የካናዳ ዶላር የጤና ኢንሹራንስ ትጠይቃለች። ለሼንገን ቪዛም ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ ግዴታ ነው። አሜሪካ ለጎብኚ ቪዛ አያስገድድም፤ ስለዚህም ብዙ ቤተሰብ ይተወዋል። አንድ ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ማደር የልጅየዋን ቤት ሊያናጋ እንደሚችል እዚያ ያሉትን ጠይቁ። ስትገዙ አንድ ጥያቄ ብቻ በደንብ ጠይቁ፦ "ከዚህ በፊት የነበረ ሕመም ይሸፍናል ወይ?" ብዙዎቹ አይሸፍኑም፤ ወይም የሚሸፍኑት በቅድመ ሁኔታ ነው። የእናታችሁን ስኳርና ግፊት ደብቃችሁ አትሙሉ፤ በችግር ቀን ክፍያ የሚከለክሉት በዚያ ነው።

6. ከመሄዳቸው ከአንድ ወር በፊት

የሐኪም ቀጠሮ፣ የጥርስ ሐኪምና የዓይን ምርመራ እዚሁ ያልቅ። በተለይ ጥርስና መነጽር እዚያ ውድ ናቸው። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል ካለ "ጉንፋን ነው" ብላችሁ አታሳፍሯቸው፤ የሳምባ ነቀርሳ ምርመራ ይደረግ። ልብ በሉ፣ የሚሄዱት አራስ ሕፃን ያለበት ቤት ነው።

7. ልብስ፦ ጥቂት ይያዝ፣ ቀሪው እዚያ ይገዛ

እኛም ብርድ እናውቃለን። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ከ10 ዲግሪ ይወርዳል። ልዩነቱ እኛ ጋ ረፋድ ላይ ፀሐይ ትወጣና አጥንት ታሞቃለች። ሚኒያፖሊስ ግን በጥር ሌሊቱ በአማካይ ከዜሮ በታች ከ10 ዲግሪ በላይ ይቀዘቅዛል፤ ቀኑም ብዙ ጊዜ ከዜሮ አይወጣም። ደግሞ የእነሱ ክረምት የእኛ በጋ ነው፤ ከቦሌ በፀሐይ ተነስተው በረዶ ላይ ነው የሚያርፉት። ስለዚህ ሹራብ፣ ወፍራም ካልሲ፣ ኮፍያና ጓንት በእጅ ቦርሳ ይሁን። ልጅየዋ ካፖርት ይዛ ትቀበላቸው።

የአለባበሱ ሕግ መደራረብ ነው። ከውስጥ ፓካውት (ከሱፍ ወይም ከሲንቴቲክ የተሠራ)፣ መሃል ላይ ሹራብ፣ ከላይ ንፋስ የማያስገባ ካፖርት። ጥጥ ላብ ከያዘ አይደርቅም፣ ያቀዘቅዛል። ጋቢያችንስ? ጋቢ ጥጥ ነው፤ ለቤት ውስጥ፣ ለሶፋና ለማጥባት የሚወዳደረው የለም። ለበረዶ ግን አይሆንም። ሁለቱ ጋቢ ይሂዱ፣ የመርካቶው ካፖርት ይቅር። ሦስት ኪሎ አተረፍን።

ጫማ ደግሞ ከካፖርት ይበልጣል። ማታ ላይ፣ እግር ትንሽ አበጥ ሲል፣ የእናታችሁን እግር ወረቀት ላይ አስረግጣችሁ ዙሪያውን በእስክርቢቶ ንደፉና ልኩን በሴንቲ ሜትር ጻፉበት። ልጅየዋ በዚያ ልክ፣ ለወፍራም ካልሲ ቦታ ያለው፣ ሶሉ የማያንሸራትት ቡትስ ትግዛ። በዚህ ዕድሜ በረዶ ላይ ወድቆ የዳሌ አጥንት መሰበር ቀልድ አይደለም። አካሄዱም ይለወጣል፦ አጭር እርምጃ፣ እግር ሙሉ በሙሉ ይረገጥ፣ እጅ ከኪስ ይውጣ።

ስለ ብርድ ጉዳት አንድ ነገር እወቁ። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ የቃኘው ሻለቃ አባቶቻችን ኮሪያ ዘምተው የዚያን አገር ክረምት ቀምሰዋል። በዚያ ጦርነትና ከዚያ በኋላ በወታደሮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ጥቁር ወታደሮች በብርድ ጉዳት ከነጮቹ ይልቅ በብዛት እንደሚጠቁ አሳይተዋል። ከንፋሱ ጋር ተደምሮ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 28 ሲሆን የተጋለጠ ቆዳ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ሊጎዳ ይችላል። ጣት፣ ጆሮ፣ አፍንጫ መጀመሪያ ይቆረጥማል፤ ከዚያ ይደነዝዛል፤ ቆዳው ግራጫ ወይም ሰም የመሰለ ይሆናል። ያን ጊዜ አይታሽ፣ እሳት ወይም ሂተር አጠገብ አይቅረብ። ቤት ገብቶ ለብ ባለ ውኃ ማሞቅና ሐኪም ጋ መሄድ ነው።

ስኳር ያለባቸው ሰዎች ደግሞ የእግር ስሜታቸው ሊቀንስ ስለሚችል ብርዱም ቃጠሎውም ላይሰማቸው ይችላል። የፈላ ውኃ በላስቲክ፣ የሚሞቅ አልጋ ልብስ፣ እግርን ሂተር ላይ መስቀል አይሆንም። ማታ ማታ እግር በዓይን ይታይ።

8. ከሻንጣው የሚወጡ ነገሮች

የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከውጭ መንገደኛ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ አያስገቡም። ቋንጣ፣ ቅቤና አይብ ይቀራሉ ማለት ነው። ወደ አሜሪካም ቋንጣ አይያዝ። ምግብ የያዘ ሰው አሜሪካ ሲደርስ "ይዣለሁ" ብሎ ማሳወቅ አለበት፤ ያሳወቀ ቢበዛ ይወሰድበታል፣ የደበቀ ይቀጣል። እናታችሁ እንግሊዝኛ የማይችሉ ከሆነ የያዙትን ምግብ ዝርዝር በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ ስጧቸው።

"ለእገሌ አድርሺልኝ" የተባለ እሽግ አይያዝ። ጫት አሜሪካና ካናዳ የተከለከለ ነው፤ እንግሊዝም በ2014 እ.ኤ.አ. ከልክላዋለች። እናታችሁ በማያውቁት ጥቅልል ምክንያት ኤርፖርት ላይ እንዲያዙ አትፍቀዱ።

ዳማከሴና ፌጦም ዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። አልሳቅሁም፤ እኔም ያደግሁበት ነው። ግን የሚወስዱትን የባህል መድኃኒት ለሐኪም መናገር አለባቸው፤ ከኪኒኑ ጋር ሊጋጭ ይችላል።

9. እዚያ ከደረሱ በኋላ

ግፊት። ብርድ የደም ሥር ያጠባል፤ የደም ግፊት በክረምት ከፍ ይላል። የግፊት መለኪያ ቤት ይኑር፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ይለካ፣ ይጻፍ። በረዶ መዛቅ ደግሞ የአያት ሥራ አይደለም፤ ልብ ድካም የሚቀሰቅስ ከባድ ሥራ ነው።

ከሰል። ይህን ደምቆ እንዲታያችሁ እፈልጋለሁ። የእኛ ሰው ያለ ቡና አይሆንለትም፤ አራስ ቤት ደግሞ ቡናና ዕጣን ግድ ነው። የብርድ አገር ቤት ግን ንፋስ እንዳያስገባ ተደርጎ የታሸገ ነው። ከሰል እዚያ ውስጥ ሲቀጣጠል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል፣ ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ይሞላል። በኛ አገርም በዝናቡ ወራት በር ዘግተው ከሰል ያነደዱ ሰዎች ተኝተው ሲቀሩ ሰምታችኋል። ቡናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈላ፣ ዕጣኑ በኤሌክትሪክ ማጨሻ ይጨስ። ቤት ውስጥ ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ከመጣባቸው ሁሉም ወዲያው ይውጡ፤ ሕፃኑ ይቅደም። ከዚያ ወደ ድንገተኛ ይደወል፦ አሜሪካና ካናዳ 911፣ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112።

ቫይታሚን ዲ። ቆዳችን ይህን ቫይታሚን የሚሠራው ከፀሐይ ነው። ከምድር ወገብ በራቁ ከተሞች በክረምት የምትወጣው ፀሐይ ታበራለች እንጂ ቫይታሚን ዲ አትሠራም። በ1988 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት ቦስተን ላይ ከኅዳር እስከ የካቲት፣ ኤድመንተን ላይ ደግሞ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ቆዳ ከፀሐይ ምንም እንደማያገኝ አሳይቷል። ጥቁር ቆዳ ደግሞ በበጋም ቢሆን ረዘም ያለ ፀሐይ ይፈልጋል። አሜሪካና ካናዳ እስከ 70 ዓመት ላለ ሰው በቀን 600 ዩኒት ይመክራሉ። የሚያጠባ ቤት ስለሆነ ይህንንም ልጨምር፦ ጡት ብቻ ለሚጠባ ሕፃን 400 ዩኒት በጠብታ ይታዘዛል፤ ልጅየዋ የሕፃናት ሐኪሟን ትጠይቅ። ቫይታሚን ነው ተብሎ ግን አይበዛም፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከ4,000 ዩኒት በላይ መውሰድ ይጎዳል።

ቆዳ። ሂተር አየሩን ያደርቀዋል። ለብ ባለ ውኃ አጠር ያለ መታጠብ፣ ቆዳው ሳይደርቅ ቫዝሊን መቀባት። ቫዝሊን ከዚህ መጫን የለበትም፤ እዚያ ርካሽ ነው።

ትኩሳት። አዲስ አበባ ላይ ወባ የለም እንላለን። ግን ከመሄዳቸው በፊት ዘመድ ሊሰናበቱ አዳማ፣ መተሐራ፣ ሐዋሳ ወይም ጋምቤላ ደርሰው ሊሆን ይችላል። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊነሳ ይችላል። እዚያ ያለ ሐኪም በበረዶ መሃል ወባን ላያስብ ይችላል። ስለዚህ ትኩሳት ከመጣ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይህ ይሁን፦ "ከኢትዮጵያ ነው የመጣሁት፤ የወባ ምርመራ ይደረግልኝ።"

10. ሻንጣ ውስጥ የማይገባው

እኒህ እናት ልደታ ላይ ሲኖሩ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ይስማሉ፣ ሲመለሱ ከጎረቤት ቡና ይጠጣሉ፣ ደረጃ ሲወርዱ አሥር ሰው ሰላም ይላሉ። እዚያ ልጅየዋ ወደ ሥራ ስትመለስ፣ ባልየው ገና ሳይነጋ ሲወጣ፣ እሳቸው ከሕፃኑ ጋር በአራት ግድግዳ መሃል ይቀራሉ። በታኅሣሥ ሚኒያፖሊስ ገና አመሻሹ ሳይደርስ ይጨልማል፤ ስቶክሆልም ደግሞ ቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ ብቻ ነው።

እናቶቻችን "ድብርት ያዘኝ" አይሉም። "ሰውነቴን ያቃጥለኛል"፣ "እንቅልፍ እምቢ አለኝ"፣ "ምግብ አስጠላኝ"፣ "ልቤ ፈራ ፈራ ይላል" ነው የሚሉት። ይህ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ናፍቆት ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ሐኪም ይያቸው። አስቀድማችሁ ግን የሚከተሉትን አድርጉ፦ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ፣ ብርሃን እያለ፣ በደንብ ለብሰው ይውጡ፣ ቢያንስ መስኮት አጠገብ ይቀመጡ። እሑድ ሐበሻ ያለበት ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ የሚያደርሳቸው ሰው ይኑር። እዚህ ያላችሁ ልጆች ደግሞ በተወሰነ ሰዓት ደውሉ፤ "ሲመቸኝ" አይሆንም። ሰው ቀኑን የሚቆጥርበት ነገር ይፈልጋል።

የእጅ ቦርሳው ዝርዝር (ስክሪንሾት አድርጉት)

• የሦስት ወር መድኃኒት በማሸጊያው
• ኢንሱሊን፣ ሲሪንጅ፣ የስኳር ማሽንና ስትሪፕ
• ከረሜላ
• ማኅተም ያለው የሕክምና ማጠቃለያ፣ ቀኑ በአውሮፓ አቆጣጠር
• ማዘዣዎች
• የኢንሹራንስ ወረቀት
• መነጽር
• የልጅየዋ ስልክና አድራሻ በትልቁ የተጻፈበት ወረቀት
• ሹራብ፣ ካልሲ፣ ኮፍያ፣ ጓንት

በረራው ላይ በየሁለት ሰዓቱ ተነስተው ይራመዱ፣ ውኃ ይጠጡ፤ ረጅም መቀመጥ እግር ውስጥ ደም ያረጋል። ከዚህ በፊት ደም የረጋባቸው፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ወይም የልብ ሕመም ያለባቸው ከመብረራቸው በፊት ሐኪም ያማክሩ።

እማማ ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሰው መጡ። የእጅ ቦርሳቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግተው አንድ በአንድ አሳዩኝ፤ እኔም ማጠቃለያውን ፈርሜ ማኅተም አደረግሁበት። "ኢንሱሊኑ ከበርበሬው ሥር ወጣ?" ስላቸው፣ "ወጣ እንጂ! በርበሬው ግን አልቀነሰም" ብለው ሳቁ።

ከገቡ በኋላ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ላኩልኝ። ከኋላ ሕፃኑ ያለቅሳል። "ደህና ገባሁ ልጄ። ስኳሬ 138 ነው። በረዶውን በመስኮት አየሁት፣ ጥጥ ይመስላል። አልወጣሁም፤ ጫማው ነገ ይመጣል አለችኝ።"

ይህ ጽሑፍ ለጠቅላላ ግንዛቤ ነው፤ የመድኃኒት መጠንና ሰዓት ከራሳችሁ ሐኪም ጋር ሳትነጋገሩ አትቀይሩ። ሻንጣ እየጫነ ያለ ቤተሰብ የምታውቁ ከሆነ ሻንጣው ሳይዘጋ ሼር አድርጉለት።